ታፔላ የቀየረ ኳስ

አሜሪካኖች አሥር ብለው ጀምረው አሥራ ስምንት ላይ የሚጨርሱት ማኅበር አላቸው። "ቢግ ቴን" ይሉታል፤ "ትልልቆቹ አሥር" ማለታቸው ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተቋቋመ የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ሲሆን ዛሬ አባላቱ 18 ደርሰዋል። ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩ ሰዎች ገጥመውኛል፤ የእኛ ሰፈር የተክለ ሃይማኖት ሰዎች አለመሆናቸው ያስታውቃል። እዚህ ያደገ ሰው 12 ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት ሚኒባስ ስንቱን ይዞ ከሰፈሩ አደባባይ እንደሚነሣ ስለሚያውቅ፣ ቁጥር የሚጻፈው ለትራፊክ ፖሊስ መሆኑን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም።

ዋናው ጨዋታቸውም ራሱ እንዲሁ ነው። እግር ኳስ ይባላል፤ ኳሷን ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጃቸው ይዘዋት ነው የሚሮጡት። ስምና ሥራ የተለያዩበትን ነገር እንደ ነውር ካየን ብዙ መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ነውና እንለፈው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበር የሚቀያየሩበትን ነገር ውል ያስያዘኝ ከአደባባዩ ወደ አውቶቡስ ተራ በሚነሡት ታክሲዎች ላይ የተሾመ ተራ አስከባሪ ነው። ወንድሙ ሲያትል ይኖራል፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ማሊያ ልኮለት ለብሶታል። እኔ ካርታ ዘርግቼ፣ የማኅበራትን ታሪክ ቆጥሬ ሳስረዳው ትንሽ ታገሠኝና፣ "ጋሼ፣ ምኑ ነው የከበደዎት? ታፔላ መቀየር ነው'ኮ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ መስመር ሲሠሩ ኖረዋል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ይጫወታል፤ ደጋፊው የሚሰድበውን ሰው በስም ያውቀዋል። አባላቱ እየጨመሩ 12 ሲሞሉ "ፓክ ትዌልቭ" ተባሉ። ከዚያ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሸተተ። "ትልልቆቹ አሥር" በ2022 እ.ኤ.አ. ከሦስት ጣቢያዎች ጋር የተዋዋሉበት የሰባት ዓመት ዋጋ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዋጋው ገና ሳይቆረጥ ሽታው የደረሳቸው የሎስ አንጀለሶቹ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው ዓመት ታፔላቸውን አነሡ። ኦሪገንና ዋሽንግተን በሚቀጥለው ዓመት ተከተሏቸው። አራቱ ደግሞ "ቢግ ትዌልቭ" ወደሚባለው ገቡ፤ እሱም ሲቆጠር 16 ነው። ስታንፎርድና በርክሌይ ደግሞ የአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበርን ተቀላቀሉ።

"ስታንፎርድ የት ነው ያለው ጋሼ?"

"ፓስፊክ ዳር።"

"ታፔላውስ?"

"አትላንቲክ።"

"ይኸው! ካዛንቺስ ብሎ ጭኖ አየር ጤና የሚያወርድ ሾፌር ለምን እንደሚቀጣ ነው ያልገባኝ።"

ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ቀሩ፤ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት። ጥፋታቸው ምን ነበር? ሰፈራቸው ትንሽ ነው፤ ብዙ ቴሌቪዥን አይከፈትበትም። በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ማኅበር ሆነው ሊቀ መንበርነቱንም ጸሐፊነቱንም ተካፍለው ተቀመጡ። ዳላስ ያለው ሳውዘርን ሜቶዲስት የተባለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከዚህ የባሰ ብልኅ ነው፤ ወደ አትላንቲኩ ማኅበር ለመግባት ሲል ለዘጠኝ ዓመት ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ድርሻ ላለመጠየቅ ተስማማ። ወንበር ሳይሰጠው ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሙሉ ታሪፍ የሚከፍል ተሳፋሪ ስንት ጊዜ አይተናል? ብቻ ውስጥ ይግባ።

ተሳፋሪዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ገንዘቡን የሚያመጣው ኳስ ቢሆንም ታፔላው ሲቀየር መረብ ኳስ ተጫዋቿም ዋናተኛውም አብረው ይሄዳሉ። ኒው ጀርሲ የምትማር ልጅ ሎስ አንጀለስ ድረስ ልትጫወት ትበራለች፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ የሚያደርስ ርቀት ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፈተና አላት። በ2025 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ እንዲያካፍል ተፈቀደለት። ተራ አስከባሪው ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ወያላው መልስ የሚሰጠው ተሳፋሪው ሲጮህ ብቻ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ፈጣሪ ይመስገን።

የእኛ ኳስ ገና ሲጀምር ሥርዓት ነበረው። በ1936 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ አምስት ቡድኖች ሲወዳደሩ ሁሉም የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ጊዮርጊስ የአራዳ ልጆች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ጦር። የአራራት ደጋፊ አርመን ሰፈር ሄዶ ይገኛል። ዛሬ ደግሞ ከዚያ በላይ ተራቅቀናል። ክለቦቻችን የከተሞቻቸውን ስም በማሊያቸው ላይ ያትማሉ፣ በጀታቸውን ከከተማው ካዝና ይቀበላሉ፣ ከዚያ ሌላ ከተማ ሄደው ይጫወታሉ። በ2012 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉ በኮሮና ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም የሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን ካሜራ ሲመጣ ክለቦች ሁሉ ተጠቃለው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየዞሩ እንዲጫወቱ ሆነ። ለበሽታው የታዘዘ መድኃኒት ነበር፤ በሽታው ሲሄድ መድኃኒቱ እዚያው ቀረ። ለካሜራውም ይመቻል፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ሁሉንም ያያል።

ፋሲል ከነማ የዚያን ዓመት ዋንጫ ሲወስድ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ይህ ታላቅ ድል ነው። የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ደጋፊ፣ የራሱ ከበሮ የረዳው ሻምፒዮን የትም አለ፤ ከተማው ሳያየው የከተማው ጀግና የሆነ ግን በቀላሉ አይገኝም። ጎንደሬዎቹም ከስታዲየም መግቢያ ዋጋ ዳኑ፤ ዲሽ ብቻ ገዙ።

ብሔራዊ ቡድኑማ ማን ይደርስበታል! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገራችንን ስታዲየሞች ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይበቁም ካለ ወዲህ፣ "በሜዳችን" የምንለው ቦታ ፓስፖርት መጠየቅ ጀመረ። ሰኔ 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 በሜዳችን አሸነፍን፤ ሜዳችን ሊሎንግዌ ነበር፣ ማላዊ። ይህን ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ነን፤ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. መርተውታል፤ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣነው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ካምቦሎጆ ነው። እንግዲህ መሥራች አባል ስለሆንን የትም ብንሄድ ቤታችን ነው። አደይ አበባ ስታዲየምም በ2008 ዓ.ም ተጀምሯል። 60 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ጥሩ ነገር አይጣደፍም።

ስለዚህ ስታንፎርድ አትላንቲክ ዳር ነው ሲባል የሚደነግጥ ኢትዮጵያዊ ካለ በአገሩ ታሪክ ደካማ ነው። የተክለ ሃይማኖት ሽማግሌማ ከጓዳው ሳይወጣ ከከፍተኛ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ተጉዟል። ቤቱ እዚያው፣ እድሩ እዚያው፤ ማኅተሙ ግን ሲንቀሳቀስ ኖረ። ድንበር እየሄደ ሰው የሚቀመጥበት ጨዋታ አሜሪካኖች ገና በቅርቡ ነው የለመዱት። ስለ ኳስ ነው የማወራው።

ከክለብ ወደ ትምህርት ቤት ስንወርድ ደግሞ፣ አሜሪካኖች አንድ ሕግ አላቸው፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት ማንንም ከስፖርት እንዳያገልል በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ። በዚህ ሕግ የተነሣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተካሰሱ፤ ለወንዶቹ ስንት ሜዳ፣ ለሴቶቹ ስንት፣ ማን በሣር ላይ ማን በአቧራ። እኛ እዚህ ያለ አንድ የክስ መዝገብ ፈታነው። በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንዱም ሴቷም ሜዳ የላቸውም። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ካለ ይነገረኝ።

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ግን አለ። ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። መኖሪያ ቤት ተከራይቶ ትምህርት ቤት የሆነ ግቢ ይታያችሁ፤ ሳሎኑ ሦስተኛ ክፍል፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት፣ ጓሮው ደግሞ ሜዳ ሊሆን ሲል የባለቤቱ መኪና ቀደመው። መምህሩ ፊሽካ አለው፤ ኳስም አለው፣ ኳሱ ግን ከወጣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ስለሚያርፍ ቢሮ ተቆልፎበታል። ልጆቹ በሰልፍ ይቆማሉ፣ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን፤ ወደ ጎን ሲሉ እንዳይነካኩ በተራ ይዘረጋሉ። ከዚያ የእግር ኳስ ሜዳን ርዝመትና ስፋት ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ይፈተኑበታልም። አንዱን ልጅ ብትጠይቁት የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ከጎሉ 11 ሜትር እንደሚርቅ ሳይሳሳት ይነግራችኋል። 11 ሜትር የሚሮጥበት ቦታ አይቶ አያውቅም። ንድፈ ሐሳቡ እንከን የለውም።

ይህን ሁሉ ሳወራ ተራ አስከባሪው ዝም ብሎ ሳንቲም ይቆጥር ነበር። እሱም ተምሯል፤ በክፍል ለክፍል ውድድር የመስመር ተመላላሽ ሆኖ ይጫወት ነበር፣ በግራ በኩል። "በኋላስ?" አልኩት። "ምን በኋላ አለ ጋሼ፤ ያው ነኝ። ጠዋት ከዚህ እስከ ሰባተኛ፣ ማታ ከሰባተኛ እስከዚህ። የመስመር ተመላላሽ ነኝ።" ከዚያ ወደ አንዱ ሚኒባስ ዞሮ መስመር አቆራርጠሃል ብሎ ሾፌሩን ጠመደው። ተሳፋሪውን መሀል መንገድ አውርዶ ከዚያው እንደ አዲስ ሊያስከፍል ነበርና። እውነት ለመናገር፣ ከአሥር ዓመት ልጅነት ጀምሮ እስከ ክለብ የሚያደርሰውን መንገድ መሀል ላይ ያቆራረጠውን ሾፌር እንዲህ የጠመደ ተራ አስከባሪ እስካሁን አልሰማሁም።

ሜዳ ጭራሽ የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ስም ማጥፋት ይሆናል። ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ፣ መብራት ያላቸው፣ በሽቦ የታጠሩ ትንንሽ ሜዳዎች በከተማው አሉ። ብዙዎቹ በሰዓት ይከራያሉ። ማታ ማታ ቦርጫቸው ያሳሰባቸው ነጋዴዎች ተሰብስበው ይጫወቱባቸዋል፤ እኔ ራሴ አንድ ሁለቴ ገብቼ ሆዴን ይዤ ወጥቻለሁ። ልጆቹ ሽቦውን ይዘው ያያሉ። ኳሷ ወጥታ ስትነጥር አንዱ በደረቱ አብርዶ፣ በአብዶ ጓደኛውን አልፎ፣ በጥሩ ቅብብል ይመልስልናል። ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል፤ እኛ እንጫወታለን፣ እሱ ያያል። ችሎታ ያለው ሰው መመልከቱ ለእኛም ማበረታቻ ነው።

በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ አንድ አዛውንት ይህን አይተው ሁለት ስንኝ ጣሉልኝ፦

የሰፈሬ ልጆች መቼ ኳስ አጥተዋል፣
ሜዳው ቢታጠርም ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

ጥሩ ዜና ነው አልኳቸው። ልጆች ሜዳ ላይ መሆናቸው ለጤናም ለአገርም ይበጃል። አባ ትክ ብለው አዩኝና፣ "አንተ ልጅ፣ ሰም ብቻ እየላስክ ነው ያደግከው?" አሉኝ። ወርቁ በእኔ ደረጃ የሚወሰን ስላልሆነ መልስ አልሰጠሁም።

ይልቅ አንድ የልማት ሐሳብ አለኝ። ብሔራዊ ቡድናችን ሊሎንግዌ ላይ "በሜዳዬ ነኝ" ካለ፣ ስታንፎርድም የአትላንቲክ ዳርቻ ልጅ ከተባለ፣ ሜዳ የሌላቸው የተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሜዳ በወረቀት የማይመዘገብላቸው በምን ሕግ ነው? የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ማላዊን ይውሰዱ። የግሎቹ ክፍያቸው ከበድ ስለሚል ካሊፎርኒያ ይገባቸዋል። ፈቃድ ለማደስ ሜዳችሁን አሳዩን የሚል ተቆጣጣሪ ሲመጣ ርእሰ መምህሩ ፎቶውን ከመሳቢያ ያወጣል፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ መስመሩ ነጭ ነው፣ ምን ይጎድለዋል?

በእርግጥ ሜዳዎቹ መኖራቸው መጣራት አለበት። ለዚህ ኮሚቴ ይዋቀራል፤ ኮሚቴው ለልምድ ልውውጥ ይሄዳል፤ አበሉ በቀን ይታሰባል፤ ሊሎንግዌ አንድ ሳምንት ካሊፎርኒያ ሁለት። ተማሪዎቹ አብረው መሄድ የለባቸውም፤ ትምህርት ይስተጓጎላል። ልዑካኑ ሲመለሱ ሰልፍ ላይ ቆመው ሣሩ ምን ያህል ለስላሳ እንደነበር ይነግሯቸዋል። ጥያቄ ያለው ልጅ እጁን ያውጣና ተራውን ይጠብቅ።