ስለ ተንጠለጠለው ኮት

የዚህ ጥናት መነሻ አንድ ኮት ነው። ግራጫ ነው፤ የግራ ክርኑ ሳስቷል፤ ኢሉባቦር፣ መቱ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ወንበር ጀርባ ተንጠልጥሏል። ከወንበሩ ባለቤት የምፈልገው አንድ ማኅተም ነበር፤ የጉዳዬ ዓይነት ለሳይንስ ስለማይጠቅም አልዘረዝረውም። ገብቼ ስጠይቅ አንዱ ቀና ብሎ «ቦሩ ኮቱ» አለኝ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ ስለ ኮቱ የሚያስረዳኝ መሰለኝ፤ አመስግኜ ኮቱን መመርመር ያዝኩ። በማግስቱም «ቦሩ ኮቱ»፣ በሠልስቱም «ቦሩ ኮቱ»። ትርጉሙ «ነገ ና» መሆኑን ሻይ የምታቀርበው ልጅ ስትነግረኝ የሦስት ቀን ማስታወሻ ሞልቼ ነበር። የተደከመበት ማስታወሻ ደግሞ አይጣልም፤ ጥናት ይሆናል።

ወቅቱ ሐምሌ ነው። የኢሉባቦርን ሐምሌ ለማያውቅ አንባቢ፦ እዚያ መዝነቡ ወሬ አይደለም፤ ወሬ የሚሆነው ካባራ ነው። በዚህ ዝናብ ኮቱን ትቶ የወጣ ሰው ወይ ሩቅ አልሄደም፣ ወይ ሌላ ኮት አለው። በአራተኛው ቀን ሰውየውን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘሁት፤ ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ጠብታ አልነካውም። ሁለተኛው መላ ምት ተረጋገጠ። ጥቁሩ ኮት የሰውየው ነው፤ ግራጫው የመሥሪያ ቤቱ። ግራጫው በክትትል ላይ በነበርኩባቸው ቀናት ሁሉ ከሥራ ገበታው አልተለየም፤ አልዘገየም፤ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ባለጉዳይ ላይም አልጮኸም።

የውጭ ሊቃውንት በጉዳዩ ላይ ብዙ ብለዋል። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ግሬበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከንቱ ሥራ ማለት ሠራተኛው ራሱ «ቢቀር ማንም አይጎዳም» ብሎ በልቡ የሚያውቀው ሥራ ነው ይላል። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1955 እ.ኤ.አ. የአገሩን የባሕር ኃይል መዝገብ ገልጦ አንድ ነገር አሳይቷል፤ ከ1914 እስከ 1928 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ያሉት ታላላቅ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ሲወርዱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ከ2,000 ወደ 3,569 ወጥተዋል። መርከብ ሲያንስ ጸሐፊ ይበዛል ማለት ነው።

ኢሉባቦር መርከብ የላትም እንዳይባል፣ ከጎሬ ቁልቁል የሚወርደው ቡና ጋምቤላ ላይ በባሮ ወንዝ መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። መርከቡ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነበር። የወደቡ ጸሐፊ በበጋ ምን ይሠራ እንደነበር ፓርኪንሰን ቢጠየቅ መልሱ ቅርብ ነው፤ «ለክረምቱ ረዳት ይቀጠርልኝ» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል።

እዚሁ ጎሬ ላይ ግን ጥናቱ አንድ ጊዜ ተደናቅፏል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ፣ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅና በራስ እምሩ ስም የሚጠራው መንግሥት ጣልያን እስኪገባ ድረስ ጥቂት ወራት የተቀመጠው ጎሬ ነበር። ዋና ከተማው በጠላት እጅ፣ ንጉሡ በስደት፤ ጎሬ ላይ ግን የመንግሥት ሥራ ይሠራል። በሁለቱም ሊቃውንት መለኪያ ከዚህ የበለጠ ከንቱ ሥራ አይገኝም። እኔ ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ። ምክንያቱን ሳይንሳዊ ለማድረግ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ወደ መቱ እንመለስ። ወረቀቴ ከስድስት ቁጥር ወደ ሰባት ቁጥር ክፍል ማለፍ ነበረበት። ሁለቱን የሚለያቸው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወዲህ ሲያስሉ ወዲያ «ይማርህ» ይባላል። የስድስት ቁጥሯ ወጣት ወረቀቱን አንብባ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም?» አለች።

«የእኔ ነው» አለ ኮምፔንሳቶው።

«ልስጣቸውና ይዘውልዎት ይምጡ?»

«እንዴት ተደርጎ? እጅ በእጅ? በወጪ ይምጣ እንጂ!»

ስለዚህ ለወረቀቴ ሸኚ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ተፈረመበት፤ ቲተር ተመታበት፤ ግልባጭ ለአራት ክፍሎች ተባለለት። ከዚያ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው መዝገብ ቤት ወረድን። እዚያ አንዲት ሴት ሁለት ትልልቅ መዝገቦች ዘርግታ ተቀምጣለች፤ አንዱ የወጪ፣ አንዱ የገቢ። ደብዳቤውን በወጪው መዝግባ ቁጥር ሰጠችው። ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት አለች። ከዚያ ሌላውን መዝገብ ስባ ያንኑ ደብዳቤ ገቢ አደረገችው። በይፋ አነጋገር፣ ደብዳቤው በዚያች ፉት ልክ መንገድ ላይ ነበር።

ሰባት ቁጥር ሲደርስ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «ከየት ነው የመጣው?» አሉኝ። ከስድስት ቁጥር አልኳቸው። «እህ» ብለው ኅዳጉ ላይ «በደንቡ መሠረት ይስተናገድ» ጻፉና ወደ ባለማኅተሙ መሩት። በቋንቋችን ሕዝብም ይመራል፣ ደብዳቤም ይመራል፤ ስለዚህ መሪ እጥረት አለብን የሚለው ሐሜት በመረጃ አይደገፍም። ባለማኅተሙ፣ አንባቢ እንደገመተው፣ ኮቱ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አለመሆናቸውን ማስመር እፈልጋለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ቀኑን ሙሉ ቀና አላለችም። ወጪው ባይኖር ገቢው ምን ይመዘግባል? ገቢው ባይኖር ጋሼ ምን ይመራሉ? እያንዳንዱ የቀጣዩ ምስክር ነው፤ ከሰንሰለቱ ላይ አንዱን «አንተ ከንቱ ነህ» ለማለት የሚደፍር ቢኖር ሁለቱም ጎረቤቶቹ ይመሰክሩለታል። የሆነ ሆኖ የግሬበርን መለኪያ ልሞክር ብዬ ሴትየዋን «እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሥራሽ ቢቀር ምን ይጎዳል?» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እቤት ስድስት ሰው አለ» አለች።

ግሬበር ይህን መልስ የሚያስገባበት ሣጥን የለውም። እኛ ዘንድ ሥራ ሌላ ስሙ እንጀራ ነው፤ እንጀራን ደግሞ «ለምን ትጠቅማለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ያልራበው ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ሥራዎች መወገድ ይችላሉ ወይ ለሚለው፣ ሙከራ አልታጣም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ቢፒአር የሚባለው ለውጥ መሥሪያ ቤቶችን ሲያዳርስ ዓላማው የባለጉዳይን ደጅ ጥናት ማሳጠር ነበር። ከዚያ ዘመን በሰፊው የተረፈን «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚል ሹመት ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሂደት ግን ባለቤት አገኘ። ባለቤት ያለውን ነገር ማሳጠር ደግሞ ድንበር መግፋት ነው። በድሮው ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበር፤ ሹመቱ ከቀረ ቆይቷል፤ እልፍኙ ግን ሳይከለከል ውሎ አያውቅም።

ለንጽጽር ያህል የያዩን ደን ጎበኘሁ። ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ይበቅላል፣ ራሱ ያብባል፣ ራሱ ይቀላል፤ ፍሬውን የሚያዛምቱት ወፍና ጦጣ ናቸው፤ ፔሮል ላይ የሉም። በኢሉባቦር ያለ ተቆጣጣሪ ሲሠራ ያየሁት ብቸኛ ሠራተኛ እሱ ነው። ሥራው ግን መዝገብ ላይ የሚውለው ተለቅሞ ጆንያ ሲገባ፣ ሰው እጅ ሲደርስ ነው። አንድ ጆንያ ከጫካው ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚከተለው ወረቀት፣ ቢዘረጋ ቡናውን ለማስጣት ሳይበቃ አይቀርም። (የቡና ቀማሾቹን አልነካም። የእነሱ ሥራ ጠቃሚ ነው፤ እኔም ብቀጠር ደስ ይለኛል።)

በአሥረኛው ቀን ወደ መቱው ቢሮ ተመለስኩ። ሰውየው በአካል፣ በጥቁር ኮቱ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ አነበበ፤ የተሟላ ነው አለ፤ የማኅተሙን መሳቢያ ሊከፍት ኪሱን ዳበሰ። ቀኙን ዳበሰ፣ ግራውን ዳበሰ፣ የደረቱንም ዳበሰ። ከዚያ ዞሮ የወንበሩን ጀርባ አየ። ባዶ ነው።

«ቁልፉ ግራጫው ኪስ ውስጥ ነው» አለ በሐዘኔታ፤ «ትናንት ታጥቦ ተሰጥቷል።»

ሁለታችንም በመስኮቱ ወደ ዝናቡ ተመለከትን።

«መቼ ይደርቃል ታዲያ?» አልኩት።

«ቦሩ» አለኝ፤ «ቦሩ ኮቱ።»