ሁከትም ልክ አለው

ሰሞኑን ከሰርግ የተመለሰ ወዳጃችን «ቡፌው ላይ አብዮት ተነሥቶ ነበር» አለን።

ማን ወረደ?

«ማንም አልወረደም። ክትፎው ነው ያለቀው።»

እንግዲያው ግፊያ በለን፣ አብዮት አትበለን። አብዮት ቢሆንማ የሙሽራው አባት ከሦስት ቤታቸው ሁለቱ በአዋጅ 47/1967 ተወርሶ፣ ትናንት «ጋሼ፣ እስከ ወር መጨረሻ ይታገሡኝ» ይላቸው የነበረ ተከራይ ኪራዩን ለቀበሌ ሲያስገባ ቆመው ባዩ ነበር። ደግሞም አብዮት አይነሣም፤ ይፈነዳል። የሚነሣው አቧራ ነው።

የሻምፑ ማስታወቂያውም ያው ነው፤ «በፀጉር እንክብካቤ አብዮት!» ይላል። ኧረ ቀስ! በቀይ ሽብር ዘመን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» ሲባል በጆሮው የሰማ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሻምፑውንም የሚገዛችሁ እሱ ነው። እሱ ፊት በፎሮፎር ላይ አብዮታዊ እርምጃ አይወሰድም። ይህ ሰው ቃሉን የሚያውቀው ከነዋጋው ነው። በየካቲት 1966 ባለታክሲው ነዳጅ ተወደደ ብሎ ቆመ፤ መምህሩ ሴክተር ሪቪውን አልቀበልም ብሎ አድማ መታ፤ «ያለ ምንም ደም» እየተባለ ተዘመረ፤ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ ኅዳር 14 ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ቃል በጠርሙስ አይሸጥም።

በሌላ በኩል ትልቁን የሚያሳንሱ አሉ። በታኅሣሥ 1953 ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር መንግሥት ሊገለብጡ ተነሡ። ጦር ሠራዊቱና ክብር ዘበኛው በከተማ መሐል ተታኮሱ። ዛሬ ተማሪው ደብተሩን አቅፎ በሚመላለስበት በስድስት ኪሎው ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ እነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ስዩም መንገሻ ታግተው በነበሩበት ሳሎን በጥይት ተደበደቡ። ጄኔራሉም በመጋቢት ተሰቀሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ምን ብለን ጠራነው?

የታኅሣሥ ግርግር!

ግርግርማ የዓመት በዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ውስጥ አለላችሁ። ግርግር ለሌባ ይመቻል ስንል የምናስበው እኮ ኪስ አውላቂን ነው እንጂ ዙፋን አውላቂን አይደለም። ያን ስም ያወጣው ሰው ጣናን ቢያሳዩት «ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ» ብሎ ያልፍ ነበር። «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» አፍ ይሞላል ከተባለም፣ የሞላ ነገር አፍ ቢሞላ ምን ይገርማል?

ከዚህ ሁሉ የመገናኛው የታክሲ ረዳት ይሻላል። አንድ ጎልማሳ ሰልፉን አቋርጠው በሩ ላይ ደርሰው «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሁከት!» ብለው ቢጮኹ፣ «ጋሼ፣ ሁከት ከሆነ ፖሊስ ይጥሩ፤ ሰልፍ ከሆነ ከኋላ ይሰለፉ» አላቸው። ሁለቱን የመለየት ችሎታ በምን ፈተና እንዳለፈ እንጃ፤ እኔ ብሆን ዜና አርታኢ አደርገው ነበር።

ዜናው በእውነት አርታኢ ይፈልጋላ! «በአካባቢው ብጥብጥ ተቀሰቀሰ» ይላል። ማን ቀሰቀሰው? ዝም። «ንብረት ወደመ።» ማን አወደመው? ዝም። «የሰው ሕይወት አለፈ።» በራሱ እግር? በዜናችን ብጥብጥ ወላጅ የለውም። አያቶቻችን «በጥባጭ ሳለ ማን ጥሩ ይጠጣል» ሲሉ መጀመሪያ የጠሩት በጥባጩን ነው፤ ጥሩው ጠላ በኋላ ይደርሳል። አማርኛው ራሱ አድራጊ ይፈልጋል፦ አድማ የሚመታ አለ፣ ሽብር የሚነዛ አለ፣ ብጥብጥ የሚቀሰቅስ አለ። «ተ»ን ከፊት ለጥፎ ሰውየውን ማስመለጥ የሰዋስው ዕውቀት ሳይሆን የማሸሽ ሙያ ነው።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ «አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል» ይባላል። ከማን አንጻር? ካለፈው ማክሰኞ አንጻር ከሆነ እሱማ ምን ያንሳል! መለኪያውን ከፈለጋችሁ የሱቅ በር እዩ። ባለሱቁ የበሩን ቆርቆሮ እስከ ወገቡ ብቻ ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ሳሙና የሚያቀብላችሁ ከሆነ፣ መልሱንም ሳይቆጥር የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ ሰላሙ አንጻራዊ ነው።

ረብሻን ለተማሪ ቤት ተዉለት። የክፍል አለቃው ከሰሌዳው ጥግ «ረባሾች» ብሎ ስም ይደረድራል፤ ደግሞ ላወራው የኤክስ ምልክት ይጨምርለታል፤ ዳቦ ያካፈለውን በእጁ መዳፍ ቀስ ብሎ ያጠፋለታል። ሙስናው እንዳለ ሆኖ ከዜናው ይሻላል። ቢያንስ ስም ይጽፋል።

ሁከት የሚለው ቃል በልኩ ተሰፍቶ ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት። አንዲት እናት ከደጁ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ጎረቤቴ አጥሩን ወደ እኔ ገፋው።»

«እማማ፣ ሁከት ይወገድልኝ ብለን እንክሰሰዋ።»

«ኧረ ምን ሁከት አለ ልጄ፤ እሱ እኮ ዝምተኛ ነው። ድምፁ ሳይሰማ ሌሊት ነው የገፋው።»

«እማማ፣ ሕጉ ሁከት የሚለው ጩኸቱን አይደለም፤ አጥሩን ነው።»

ልክ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት፣ የተወሰደበትም እንዲመለስለት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል ይላል። አጥር መግፋት ሁከት ነው፤ መተላለፊያ መንገድ ላይ አሸዋ መቆለል ሁከት ነው፤ ማጀትህ ላይ ጎርፍ የሚለቅ አሸንዳ ሁከት ነው። ዳኛውም አስቀድሞ የሚመረምረው ይዞታው በማን እጅ እንደነበረ ነው። የክሱን ወረቀት አንብቡት፤ ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ አድራሻው እስከ ቤት ቁጥሩ ተጽፏል፣ ምን እንደገፋና ስንት ሜትር እንደገፋ ተጽፏል። «አንጻራዊ አጥር» የሚል ነገር የለበትም። ስለዚህ የዜና ክፍሎቻችን ጋዜጠኞቻቸውን ለሥልጠና ውጭ አገር ከሚልኩ፣ አንድ ሳምንት ራፖር ጸሐፊ አጠገብ በዱካ ቢያስቀምጧቸው ይበቃ ነበር።

አንተም አንባቢ፣ ጎረቤትህ አጥር ገፍቶብህ ከሆነ ፌስቡክ ላይ «አገሪቱ ወዴት እየሄደች ነው?» እያልክ አትዋል። አገሪቱ የትም አልሄደችም፤ የሄደው አጥርህ ነው። የሁከት ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ አይሰማም፤ ቀኑን ቁጠርና ሂድ።