ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ

ኤሲሲኤ በ1904 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ የተቋቋመ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው 13 ፈተና ይጠብቀዋል፤ ሦስት የመግቢያ፣ ስድስት የመካከለኛ፣ አራት ደግሞ የመጨረሻው ደረጃ። የሁሉም ማለፊያ 50 ከመቶ ነው። ይህን የሰማ የውጭ ሰው፣ በተለይ ልጁ 89 ሲያመጣ «አሥራ አንዷ የት ሄደች?» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ፣ ግማሽ ማምጣት ምን ያህል ቢከብድ ነው ብሎ መገረሙ አይቀርም። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። «ፐርፎርማንስ ማኔጅመንት» በሚባለው ወረቀት፣ ነባሮቹ እስከ ዛሬ «ኤፍ ፋይቭ» በሚሉት፣ በአብዛኛው ዙር ከሚቀመጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይወድቃሉ። በመጨረሻው ደረጃ «አድቫንስድ ኦዲት» ላይ ከአሥር ተፈታኝ ሦስት ወይም አራት ቢያልፍ ነው። እንግዲህ በነዚህ ወረቀቶች የወደቀው ብዙኃን፣ ያለፈው አናሳ ነው። አናሳው ፎቶ ስለሚለጥፍ ብቻ ብዙ ይመስላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፈተናው የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) እንዲያዘጋጁ ካዘዘ ወዲህ፣ በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ግርጌ «ኤሲሲኤ ያለው/ያላት ይመረጣል» የምትል መስመር ገባች። ይህቺ መስመር ስንቱን ባለትዳር ሌሊት ከአልጋው እንዳስነሳች የሚያውቀው የትዳር ጓደኛው ብቻ ነው።

በተደጋጋሚ የሚወድቀው ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰነፍማ አይመዘገብም። ብዙውን ጊዜ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ሲወጣ የኖረ፣ ዩኒቨርሲቲም «ሰቃይ» የተባለ፣ በፈተና ዋዜማ ጓደኞቹ ዶርሙ ድረስ እየመጡ «እስኪ ይህቺን አስረዳን» ይሉት የነበረ ነው። መውደቅ አልለመደም። ሌላው ሰው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ተለማምዶ የጨረሰውን ነገር እሱ ከሠላሳ በኋላ፣ ደመወዝተኛና የልጅ አባት ሆኖ ይጀምረዋል። ሕመሙ የሚበረታው ለዚህ ነው፤ በውድቀት ረገድ ጀማሪ ነው።

ጀማሪነቱ ከአያያዙ ይታወቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ሚስቱም፣ አለቃውም፣ የዕቁቡ ዳኛም ይሰማሉ። ሲወድቅ ደግሞ ሁሉም በየተራው ያጽናኑታል፤ ከውጤቱ ይልቅ ማጽናናቱ ያደክመዋል። ሁለተኛው ጊዜ ለቤት ሰው ብቻ ይነገራል። ሦስተኛው በምስጢር ይሆናል። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ላይ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ «የቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ ይጻፋል። አለቃውም የራሱ ሁለት ወረቀት ስለቀረው፣ ምንም ሳይጠይቅ ይፈርማል።

ሌላው ችግር ፈተናው ከአገሩ የቀን መቁጠሪያ ጋር የሚጋጭበት መንገድ ነው። ዋናዎቹ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር መጀመሪያ ይሰጣሉ፤ ውጤት ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይመጣል። የማርቹ ፈተና ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ይውልና ውጤቱ ፋሲካ አካባቢ ይደርሳል፤ የወደቀ ሰው ዶሮውን እየበላም ጾሙ አልተፈታለትም። የጁኑ ውጤት ሐምሌ ላይ፣ የሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ክፍሉ በሙሉ በቆጠራ ወረቀት ሲዋጥ ይመጣል። የሴፕቴምበሩ ጳጉሜ አካባቢ ተወስዶ ተፈታኙ ዕንቁጣጣሽን በጥበቃ ያሳልፋል፤ ውጤቱ በጥቅምት፣ የግብር ማሳወቂያው ቀን እየቀረበ ሲሄድ ይነገራል። ከሁሉ የከፋው የዲሴምበሩ ነው። ውጤቱ በገናና በጥምቀት መካከል ይወጣል፤ ማለትም ዘመድ ሁሉ አንድ ቤት በሚሰበሰብበት ሰሞን።

ጥምቀት ማግስት አክስት ቤት የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጠላው ተቀድቶ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ወሬው ከመኪና ዋጋ ወደ ልጆች ትምህርት ሲዞር አክስት ከማዶ ይጣራሉ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ትምህርትህ እንዴት ሆነ? ገና ነው?»

«ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ፣ እትዬ።»

«አምናም ሁለት ነበር እኮ የኔ ልጅ! ደግሞ እነዚህን እንግሊዞች ምን አድርገሃቸው ነው?»

ተፈታኙ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። ሁለት ቀርቶት ነበር፤ አሁንም ሁለት ቀርቶታል። በሒሳብ ቋንቋ የመነሻውና የመዝጊያው ባላንስ እኩል ነው። በመካከሉ ያለፈው እንቅስቃሴ፣ ስንት ሌሊትና ስንት ቡና እንደፈጀ፣ ለአክስት በሚቀርበው ሪፖርት ላይ አይታይም።

ውጤቱ ራሱ ብዙ ጊዜ በኢሜይል፣ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳል። ዝቅተኛ ነጥብ የሚያመጣ ሰው ዕድለኛ ነው፤ 31 ያመጣ ተመልሶ ይተኛል። እንቅልፍ የሚነሳው 49 ነው። በ«ፐርፎርማንስ ማኔጅመንት» አንድ የምርጫ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ይይዛል። 49 ያመጣው ሰው ያጣው የአንዲት ጥያቄ ግማሽ ናት ማለት ነው። ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ደግሞ፣ ሳይመልሳት ያለፋት ጥያቄ ካለች ዓይኑን ጨፍኖ ቢነካት ኖሮ ያልፍ ይሆን ነበር። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ማኅበሩ ውጤቱን እንዲያጣራለት ያመለክታል። ማጣራቱ ግን መልሱ ሁሉ መታረሙንና ድምሩ በትክክል መደመሩን ከማየት አያልፍም፤ እንደገና አይታረምም። የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ድምር ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ገንዘብ ከፍሎ መጠበቅ ትልቅ እምነት ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የሚገርመው፣ መልሱ እዚያው የወደቀበት መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ሁሉም ተፈታኝ የሚያውቀው ጥያቄ አለ፦ አንድ ፋብሪካ ለገበያ ጥናት 300,000 ብር አውጥቷል፤ አሁን ማሽኑን ይግዛ ወይስ ይተው? ትክክለኛው አሠራር 300,000 ብሩን ከስሌቱ ማውጣት ነው። ሰንክ ኮስት ነው፤ ቢገዛም ባይገዛም አይመለስም። የሚታሰበው ከዚህ በኋላ የሚወጣውና ከዚህ በኋላ የሚገባው ብቻ ነው። ተፈታኙ ይህን በወረቀት ላይ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። ስለ ራሱ ሲሆን ግን የተማረውን ሁሉ ረስቶ «ይህን ሁሉ ከፍዬማ አልተውም!» ይላል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «ይህን ሁሉ ከፍዬ ካልሆነልኝ ይቅርብኝ» ይላል። ሁለቱም ያንኑ 300,000 ብር ስሌት ውስጥ አስገብተዋል፤ ሁለቱም ዜሮ ያገኙበታል።

ክፍያው ቀላል ባለመሆኑ ስህተቱ ይቅር ይባላል። የፈተናውም የዓመት መዋጮውም ሒሳብ በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ፈተናው ሳይከብድ መውደቅ ብቻውን ተወደደ። ብዙዎች ክፍያውን የሚፈጽሙት ውጭ አገር ባለ ወንድም ወይም እህት ካርድ ነው። በዚህም ምክንያት ዋሽንግተን ያለችው እህት ከአክስት ቀድማ ታውቃለች። «የኔ ወንድም፣ ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው?» ብላ አትጠይቅም፤ ደረሰኙን ልካ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከአክስት ጥያቄ ይብሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞራል ጉዳይ ነው። የወደቀ ተፈታኝ ሞራሉ እስኪመለስ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ሞራልም የት እንዳለ ስለማያውቀው አይመጣም። አንዳንዱ አነቃቂ ንግግር ያዳምጣል። ተናጋሪው በታላቅ ድምፅ «ትችላለህ!» ይለዋል፤ የወጪ ልዩነት (ቫሪያንስ) ጥያቄ አይቶ ስለማያውቅ እንዲህ ማለት አይከብደውም። ንግግሩ እስከ እራት ሰዓት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ በሰው ፊት የሚቀረው ያው «ማቴሪያል ሚክስ ቫሪያንስ» ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወድቁ ሰዎች የሚጎድላቸው ጽናት ሳይሆን የአጠናን ለውጥ ነው። ጽናትማ ሞልቷል፤ ያንኑ መጽሐፍ ለአራተኛ ጊዜ ከገጽ አንድ የሚጀምር ሰው ጽናት የለውም አይባልም። መጀመሪያ በቢጫ ያሰመረውን ሁለተኛ በሮዝ፣ ሦስተኛ በአረንጓዴ እያሰመረ መጽሐፉን የጥበብ ልብስ ጥለት ያስመስለዋል። በቴሌግራም ግሩፕ የተጫነ ፒዲኤፍ ሁሉ ይወርዳል፤ ስልኩ ቦታ ሲያጣ የልጁ ፎቶ ይሰረዛል እንጂ ፒዲኤፉ አይነካም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ተማሪዎች ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ከፊሎቹ ደጋግመው አነበቡ፤ ከፊሎቹ ደግሞ አንብበው ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋጋሚዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ከሁሉ የሚያስቀው፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋጋሚዎቹ ነበሩ።

ፈታኞቹም ምክር አልነፈጉም። ከፈተናው በኋላ የፈታኝ ሪፖርት በነፃ ይወጣል፤ ሁሉም ያወርደዋል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ያነበበ ሰው የሚያገኘው ዓመት እስከ ዓመት የማይለወጥ ሮሮ ነው፦ ጥያቄውን አላነበቡም፤ የተጠየቁትን ትተው የሚያውቁትን ጻፉ፤ ስሌታቸውን አላሳዩም፤ ጊዜያቸውን አልከፋፈሉም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይሏል፤ መከራውም በየሦስት ወሩ ይመጣል።

ከሮሮው ሁሉ የጊዜዋ ነገር ለብቻዋ መታየት አለባት። በመካከለኛው ደረጃ በአብዛኛው ወረቀት ሦስት ሰዓት ለመቶ ነጥብ ስለሚሰጥ ለአንድ ነጥብ የሚደርሰው 1.8 ደቂቃ ነው፤ ለ20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ። የቀድሞው ሰቃይ የሚወድቀው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ጥያቄ በሚገባ ስለሚያውቀው ይወደዋል፣ ያሰፋዋል፣ ኮማውን ሳይቀር ያስተካክላል። ባላንሱ በአምስት ብር ቢዛባ አያስቀጥለውም፤ ከላይ ጀምሮ ይፈልጋል። አምስቱን ብር ሲያገኝ 58 ደቂቃ ሄዷል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የቀለለ ነበር። መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ሰው ይሸለማል። ፈተና ላይ 36ኛው ደቂቃ ሲደርስ ያልገጠመውን ባላንስ እንዳለ ትቶ የሚያልፍ፣ ኅሊናው ትንሽ የደነደነ ሰው ይሻላል። ይህን ልማድ ለማምጣት ሰዓት አስቀምጦ ያለፉ ጥያቄዎችን መሥራት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለም። ሞራልም ሲገኝ በዚሁ መንገድ ይገኛል፤ ትናንት በ50 ደቂቃ ያላለቀች ጥያቄ ዛሬ በ35 ስታልቅ ሰውየው ሳያስበው ለነገው ይነሳል።

አብሮ የሚያጠና ሰው ይጠቅማል፤ ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ያለፈ ጓደኛ ለዚህ አይሆንም፤ «እኔ እኮ ብዙም አላጠናሁም» ማለት ይወዳል። ያንኑ ወረቀት የወደቀ ሰው ይሻላል፣ ወድቆም ሪፖርቱን ያነበበ ከሆነ። ሁለት የወደቁ ሰዎች ተገናኝተው ፈታኙን ብቻ የሚያሙ ከሆነ ግን ማኪያቶው ጥሩ ነው፤ ጥናቱ የለም።

ማቆምም አንድ ውሳኔ ነው፤ ነውር የለውም። ደንቡ የሙከራን ብዛት አልገደበም። የገደበው የመጨረሻውን ደረጃ ነው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ካለፉ በኋላ ቀሪዎቹን በሰባት ዓመት መጨረስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀድሞ ያለፉት ጊዜው እያለፈበት ይሰረዛል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ቁጭ ብሎ ማየት ይበጃል፦ ቀሪው ወረቀት፣ ቀሪው ጊዜ፣ ምስክር ወረቀቱ ቢገኝ የሚጨምረው ደመወዝ። ሒሳቡ ካላዋጣ የታለፉት ወረቀቶች ዕውቀት የትም አይሄድም፤ አይኤፍአርኤስ ያነበበ ጭንቅላት አባል ስላልሆነ ብቻ አይረሳም። ሒሳቡ ካዋጣ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር መመዝገብ ነው፤ ቀድሞ ለተመዘገበ ክፍያው ይቀንሳል።

ያለፈም ሰው ቢሆን ወዲያው አያርፍም። ከ13ቱ ወረቀት ሌላ የሥነ ምግባር ትምህርት አለ፣ 36 ወር የሥራ ልምድም በአለቃ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። አባል ከሆነ በኋላ በየዓመቱ 40 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ትምህርት ወስዶ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ ከዚህም 21ዱ ማስረጃ የሚቀርብበት ነው። ለዚህኛው ፈተና አይቀመጥለትም። ዓመቱ የሚያበቃው ዲሴምበር 31 ስለሆነ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ ሰዓቱን ለመሙላት የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው።