ከቦታው ስላልተነሳው ቁጥር

አሬይ በሚባለው የኮድ ተርታ ውስጥ የሚኖሩ ቁጥሮች ጨዋ ናቸው። ተርታቸውን ጠብቀው ይቀመጣሉ፤ ካልነኳቸው አይነኩም። ሰላማቸው የሚደፈርሰው አንድ ፕሮግራመር መጥቶ በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ እንደሚችሉ ማወቅ የፈለገ ዕለት ነው። ጣጣው ፐርሙቴሽን ይባላል።

ለዚህ ጥናት የተመረጡት 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ለመጀመሪያው መቀመጫ ሦስት ዕጩ አለ፤ ለሁለተኛው ሁለት። ለመጨረሻው ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ የተረፈው ይቀመጣል። ጠቅላላው ስድስት ይሆናል። ስድስቱም በሦስት ወገን ይመደባሉ፦ ሁሉም ቤታቸውን የለቀቁበት (2-3-1 እና 3-1-2)፣ ሁለቱ ተቀያይረው አንዱ ቁጭ ብሎ የሚያይበት (1-3-2፣ 2-1-3 እና 3-2-1)፣ እንዲሁም 1-2-3።

ስለ 1-2-3 ሰፋ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያም ሆኖ የሒሳብ ሊቃውንት ከሌሎቹ እኩል ሙሉ አባል አድርገው ይቆጥሩታል። ሲመክር ውሎ በነበረበት እንደሚለያይ ኮሚቴ፣ ምንም ባይሠራም ቃለ ጉባኤ ተይዞለታል። ይባስ ብሎ አደራደሮቹን የሚዘረዝረው ኮድ ሲሮጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታተመው እሱ ነው። ጀማሪው ፕሮግራመር ስክሪኑ ላይ ያንኑ 1-2-3 ሲያይ «አልሠራም!» ብሎ ደህናውን ኮድ ያፈርሳል።

በእርግጥ ያልሠራ ኮድም አለ። 1 እና 2ን ለማቀያየር 2ን በቀጥታ 1 ቦታ ላይ የጻፈ ሰው፣ 1ን ለዘለዓለም ያጣታል፤ የሚተርፈው 2-2-3 ነው። መጀመሪያ 1ን ለጊዜው የሚያቆዩበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋል። ይህን ሳይማር ያለፈ ፕሮግራመር ብዙ የለም፤ የተማረውም አብዛኛው ቁጥር ጠፍቶበት ነው።

ሁለቱ ቤታቸው ሆነው አንዱ ብቻ የሳተበት አደራደር ግን ፈጽሞ አይገኝም። አንዱ ከተነሳ የሌላውን ቦታ መያዙ ስለማይቀር፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ ቢያንስ የሁለት ነው። በስድስቱ አደራደሮች ቤታቸው የተገኙት ሲደመሩ ደግሞ ስድስት ይሆናሉ፤ በአማካይ ለአንድ አደራደር አንድ ማለት ነው። ቁጥሮቹ 10 ቢሆኑም 10,000 ቢሆኑም አማካዩ ያው አንድ ነው። ሁሉንም ያለ አድልዎ በደንብ በውዘው ቢያዩም፣ በአማካይ አንድ እምቢተኛ አይጠፋም። ፈረንሳዊው ፒየር ሬሞን ደ ሞንሞር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1708 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የቁጥርና የቦታ መገጣጠም በካርታ ጨዋታ መርምሯል። በካርታ የተጨነቀ ሰው በአሬይ ቢጨነቁ አይፈርድም።

ብዛቱ ሲያድግ ጨዋታው ይቀራል። 12 ተሳፋሪዎች በአንድ ሚኒባስ 12 መቀመጫ ላይ በ479,001,600 ዓይነት መንገድ ሊቀመጡ ይችላሉ። በየሰከንዱ አንዱ ቢሞከር ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አንዱን ወዲያው ይመርጣል፤ ቀጥሎም 13ኛ ሰው ይጨምራል።

13ኛው ሰው መቀመጫ ከተገኘለት አደራደሩ 6,227,020,800 ይደርሳል፤ ኮዱ ቁጥሩን የሚይዝበት 32 ቢት ግን ከ4,294,967,295 በላይ አይችልም። ልሞክር የሚል አንባቢ ከ13 በፊት ወደ 64 ቢት ይዛወር፤ እሱም የሚያደርሰው እስከ 20 ነው።