ቡላ ወፍጮ ቤት አይሄድም

«የቡሌ ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ከግሉተን የሸሸው?» አለኝ አንድ የዲላ ወዳጄ። ወንድሜ፣ የሸሸ የለም። እንሰት በበቀለበት ጓሮ ግሉተን ድሮም አልነበረም። ቆጮው የለበትም፣ ቡላው የለበትም፣ አሚቾው የለበትም። «ከግሉተን ነፃ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የውጭ ዱቄት አዲስ አበባ ውስጥ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ እዚህ ቡሌ ገበያ ላይ ያው ነገር በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ማንም ምንም አልለጠፈበትም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴን ልጅ ሐኪም መርምሮ ሲሊያክ አለብሽ አላት፤ ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልኳን ተከለከሉ። ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ በልደት ኬክ ሲቆርሱ እሷ እጇን አጣምራ እንድታይ አልፈቅድም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የፍራፍሬ ክራምብል እጋግራለሁ። ከታች ፍራፍሬ፣ ከላይ በቅቤ የታሸ ፍርፋሪ፤ እንግሊዞች የሚወዱት ጣፋጭ ነው። ሰፈራችን ደግሞ አዲስ ነገር ተጣደ ሲባል ከሽታው በፊት ተረቡ ይደርሳል። ይድረስ፣ መልስ ሞልቷል።

«የጥጋብ በሽታ ነው!» አሉ አንድ ጋሼ። ጋሼ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ በሽታ ላይ የመሰከረው ረሃብ ነው። ቪለም ካረል ዲኬ የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ስንዴን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት ሆላንድ ተርባ ዳቦ ከገበታ ሲጠፋ ጥርጣሬው ጠነከረ፤ ሲሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ያለ ዳቦ ይሻላቸዋል፣ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ይመለሳል። በ1950 ጥናቱን አቀረበ። የአገር ሕዝብ በተራበበት ጊዜ የተሻለውን ሕፃን ጥጋበኛ የሚለው ማነው? ሲሊያክ ያለባቸው ሰዎች በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባባቸው የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ትንሹን አንጀት ይጎዳል፤ ምግብ የሚመጠው ክፍል ይበላሻል፤ ልጁ እየበላ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ዕድገቱ ይቆማል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ አለበት። የሚዋጥ ኪኒን የለውም፤ ሕክምናው ገበታው ነው።

«እሺ፣ ስንዴው ይቅር፤ የአገሯን ገብስ ትብላ፤ በሶ በጥብጡላት» አሉ እማማ። እማማ፣ ከልብዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ገብስም ያው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው። ስንዴ ብቻ የተከለከለ ይመስለዋል፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ቂንጬው፣ ብቅል የገባበት ጠላው ሁሉ አንድ ጎራ ነው። ቡሌ ደጋ ናት፣ ገብስ የምታበቅል አገር ናት፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው ቆሎ ነው። ለዚህች ልጅ ያ እፍኝ ቆሎ ፍቅር አይደለም። የሚወዷት ከሆነ የበቆሎ እሸት ይጥበሱላት፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ጤፍና እንሰት ግሉተን የለባቸውም።

«ያለ ግሉተን ምን ይያያዝና?» ያለችኝ ደግሞ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ እህቴ ናት፤ በሙያዋ ትክክል ናት። ግሉተን ሊጡን ያያይዘዋል፣ እርሾ የፈጠረውን አየር አፍኖ ይይዛል፣ ዳቦውን ያስነሳል። ክራምብል ግን መነሳት አይፈልግም፣ መያያዝም አይፈልግም፤ ወጉ መፈርፈር ነው። በስንዴ የሚሠሩት እንኳ ሊጡ እንዳይለጠጥ ብለው ብዙ አያሹትም። ግሉተንን ከዳቦ ብታወጪ ዳቦው ያለቅሳል፤ ከክራምብል ብታወጪ አላየሁም ይላል። ከጣፋጭ ሁሉ ይሄንን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

«የጤፍ ዱቄት ወፍጮ ቤት ሞልቶ ቡላ ምን ያስፈልጋል?» አለ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ወንድም። አዬ፣ ዋናው ነገር ያ ነው! ወፍጮህ ከእኔ ጤፍ በፊት ምን ሲፈጭ ነበር? ገብስ። ከገብሱ በፊት? ስንዴ። ድንጋዩ ላይ የቀረው፣ መውረጃው ላይ የተጋገረው፣ አየሩ ላይ የሚበነው ሁሉ በጤፌ ላይ ይወርዳል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ የፈቀደው በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ነው። በአንድ ኪሎ ውስጥ የተበተነ ሃያ ሚሊግራም በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከወፍጮ የሚራገፈው የገብስ ዱቄት ግን በዓይን ይታያል። ጤፉ ንፁህ ነው፤ መንገዱ ነው ያቆሸሸው።

ቡላ ያ መንገድ የለበትም። እስቲ አሠራሩን እንይ። እናቶች የደረሰውን እንሰት ይጥላሉ፤ ግንዱን በቀርከሃ እየፋቁ፣ ሥሩን እየከተከቱ ያሰናዳሉ፤ የተፋቀው ሲጨመቅ ወተት የመሰለ ውሃ ይወርዳል። ውሃው አድሮ ይጠልላል፤ ከላይ ያለው ሲደፋ ከሥር ነጭ ነገር ረግቶ ይቀራል። ያ ነው ቡላ። ድንጋይ አልነካውም፣ የማንም ገብስ አልቀደመውም። እጅ፣ ቀርከሃ፣ ውሃና ቅጠል ብቻ። የእንሰት ግብርና ያለበት የእኛው የገዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙ ሰው ስለ ቡናውና ስለ ትክል ድንጋዩ አወራ። ይገባል። ይህቺ የእናቶች ሙያ ግን ከሁለቱ አታንስም፤ የአንዲት ታማሚ ልጅ ገበታ የተዘረጋው በእሷ ነው። ስለዚህ ቡላውን ከጨመቀችው እናት እጅ እገዛለሁ፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ከሚመጣው ይልቅ የማምነው እሱን ነው። የታሸገውን የምትገዙ የት እንደተፈጨ ጠይቁ።

«ቡላማ ይጎተታል፤ ገንፎ ነው የሚወጣሽ» ለሚሉኝ፦ እርጥቡን ከተጠቀማችሁ አዎ። እርጥቡ በጨርቅ ተጨምቆ፣ በእጅ ተፈርፍሮ፣ ንፁህ ትሪ ላይ ተሰጥቶ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ ይነፋል። ብቻውንም አይሆንም። አንድ ኩባያ ደረቅ ቡላ፣ አንድ ኩባያ ነጭ ጤፍ። ጤፉን እህሉን ገዝቼ እለቅማለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ እህል በማይገባበት የቤት መፍጫ አስፈጫለሁ። ያልተቀመመ ለጋ ቅቤ ግማሽ ኩባያ፣ ስኳር ግማሽ ኩባያ፣ ጨው ለቅምሻ፣ ቀረፋ። የተወቀጠ ኦቾሎኒ ከገባበት ከጥርስ ሥር የሚሰማ ነገር ያገኛል። ቅቤው ደግሞ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ቡሌ የታደለችው እዚህ ላይ ነው። ዲላ ላይ ቅቤው እጅ ላይ ይቀልጣል፣ ፍርፋሪው ሊጥ ይሆናል፤ እዚህ ግን ጠዋት ቅቤው እንደረጋ ነው። በጣት ጫፍ ብቻ፣ መዳፍ ሳይነካው፣ ቶሎ ቶሎ ይታሻል፤ ባቄላ የሚያካክሉ ጓሎች ከጥቃቅኑ ጋር ተቀላቅለው ሲታዩ ተዉት። አንዳንዶቹ ከፍ ብለው ይቅሩ፤ እሳት ላይ የሚንኮሻኮሹት እነሱ ናቸው።

«ማንጎ የማይበቅልበት አገር የማንጎ ጣፋጭ!» አለ አንዱ። ከዲላ የሚመጣው መኪና ሰው ብቻ ነው የሚጭነው እንዴ? ማንጎው፣ አናናሱ፣ ሙዙ ከቆላው ይወጣል፤ የእኛ ጎመንና ገብስ ወደ ታች ይወርዳል። ደጋና ቆላ የሚጎራረሱት እንዲህ ነው። ኮክ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ማንጎውንም አልፈልግ፤ ጎምዘዝ የሚለው ኮክ ለዚህ ሥራ ይበልጣል። ለአናናስ ግን ጥንቃቄ አለ፦ ውሃው ብዙ ነውና መጀመሪያ በድስት ይንተክተክ። ፍሬው ላይ አንድ ማንኪያ ቡላ መነስነስም ጭማቂውን ያወፍረዋል፤ ያኔ መጎተቱ ጥቅም ሆነ ማለት ነው።

«ኦቨን የሌለው ይሙት?» አይሙት! አያቶቻችን ድፎውን የጋገሩት በኦቨን ነው? ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። ወፍራም ድስት፣ ከሥሩ በእሳት ለብ ያለ የእንሰት ቅጠል፣ ከላይ በክዳን ላይ ፍም። የታችኛው ፍም ይቀንስ፣ የላይኛው ይብዛ፤ ፍርፋሪው የሚጠበሰው ከላይ ነው። ክዳኑን መጨረሻ ላይ ትንሽ ገለጥ አድርጉት፣ እንፋሎቱ ይውጣ፤ ካልወጣ ፍርፋሪው ይላቁጣል። ኦቨን ያለው 180 ዲግሪ ላይ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ያቆየው፤ ጫፉ ላይ ጭማቂው ሲፈላና ፍርፋሪው ቡኒ ሲል ደርሷል። ድስቱ ግን የድፎ ድስት አይሁን። ትናንት የስንዴ ዳቦ የተጋገረበት፣ በደንብ ያልተፋቀ ዕቃ የዛሬውን ድካም ሁሉ ያበላሻል። ለዚህች ልጅ የራሷ ድስት፣ የራሷ ወንፊት፣ የራሷ ማንኪያ አላት። በወንፊት ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም፤ የስንዴ ዱቄት ከወንፊት አይወጣም።

«የፈረንጅ ፋሽን!» ላለኝ ተማሪ ደግሞ፦ ወንድሜ፣ ፈረንጁ የእኛን ነው የፈለገው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን አዘገጃጀት በአውሮፓ በስሙ የባለቤትነት መብት አውጥቶበት ነበር፤ ኢትዮጵያ ዓመታት ስትቃወመው ቆየች፤ በሆላንድ የነበረው መብት እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው ውድቅ የሆነው። ጤፍ እዚያ ድረስ የተፈለገው ግሉተን ስለሌለው ነው። እነሱ ፍርድ ቤት የቆሙለትን እህል አንተ ፋሽን ነው ብለህ ታጣጥላለህ? ከመሶብህ ጀምር፤ እንጀራውን ከገበያ ስትገዛ ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ጠይቅ። ጠይቀህ የማታውቅ ከሆነ የታመመ ዘመድ ስለሌለህ ነው፤ እግዜር አያምጣብህ።

«ቡላ ለአራስ ነው፤ ለጣፋጭ ማዋል ነውር ነው» አሉ ሌላዋ እማማ። ይሄኛው ተረብ አይደለም፣ ቁም ነገር ነው። ቡላ የአራስ ገንፎ ነው፣ የደከመን ሰው ማንሻ ነው። እማማ፣ ይህቺም ልጅ ደክማ የነበረች ናት። አንጀቷ እያገገመ ነው። ማንሻውን ለሚገባው ሰው ነው ያዋልነው።

«እንዲያ ከሆነ እኔም ሆዴን ይነፋኛል፣ ከነገ ጀምሮ ስንዴ ተውኩ» አለ ያ የዲላ ወዳጄ ዞሮ። ተው! እንዳታደርገው። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነትህ ለግሉተን የሰጠውን ምላሽ ነው፤ አስቀድመህ ከተውክ ምላሹ ይጠፋል፣ ሐኪሙም የሚያየው ያጣል። እየበላህ ሂድ፣ ተመርመር፣ ከአንጀትህ ናሙና ይወሰድ ካሉህ አትፍራ፤ ከዚያ በኋላ ተው ከተባልክ ተው። ስንዴ መርዝ አይደለም፤ ገብስም የደጋው ገበሬ ጉልበት ነው። ያልታመመ ሰው የሚሸሸው ነገር የለውም። የሆድ መንፋት ብዙ አባት አለው፤ ስንዴን ብቻ አትክሰስ።

«ለአንዲት ልጅ ተብሎ ይሄ ሁሉ ድስት!» አለች ጎረቤቴ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ሽታው ጠርቷት። ማን ለአንዲት ልጅ አለሽ እታለም? ግቢ፣ ተቀመጪ። ስንዴ የሚበላም ይሄን ይበላል፤ ስንዴ የማትበላው ግን ከዚህ ሌላ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ለእሷ ይቆረስ፣ በራሷ ማንኪያ። ያንን የያዝሽውን ዳቦ ደግሞ ከገበታው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪልኝ፤ ፍርፋሪው ይረግፋል።