በጄኔቫ ሰሙ

ጆሮ በአማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። ይሰጣል፣ ይነሣል፤ ሲመረውም ዳባ ይለብሳል። ዳባ መናኝ የሚደርበው ቆዳ ነውና፣ "ጆሮ ዳባ ልበስ" ያለ ሰው ጆሮውን አመነኮሰው ማለት ነው። የግዕዙ "እዝን" ከዕለት ንግግራችን ወጥቶ "እዝነ ልቡና" ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል። እንስራም ጆሮ አላት፤ የእሷ ግን መያዣ እንጂ መስሚያ አይደለም። ይህችን ፍቺ ያዙልኝ።

የጆሮን ነገር ማጥናት የፈለገ ጄኔቫ ይሂድ። እሷን የሚያህል ሰሚ ከተማ የለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ስላዘነበችው የመርዝ ጋዝ በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ቢያውኩ ፖሊስ አስወጣቸው፤ የጉባኤው ጆሮ እንዳይረበሽ ነው መቼም። ጉባኤውም አዳመጠ፣ አዘነ፣ ሰኔ 27 ቀን በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ድምፅ ሰጠ። ማዕቀቡ ቀድሞም ነዳጅን አልነካም ነበር። ታንክ ሲጠማ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነዋ!

ዛሬ በጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት መቀመጫ የሆነው የፓሌ ዴ ናሲዮን አዳራሾች ማዳመጫ ያድላሉ። ቁልፉን ባዞሩት ቁጥር እሮሮው ቋንቋ ይለውጣል፦ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛ፣ ስፓኒሽ። አማርኛ የለበትም። ማዳመጫውን ሰክቶ የሚያንቀላፋም ከሰሚዎቹ ይቆጠራል።

ከዚያ ባቡር የተሳፈረ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዙሪክ ይደርሳል። የዙሪክ ጆሮ የእንስራዋ ዓይነት ነው፤ ይይዛል። በ1927 ዓ.ም. የወጣው የስዊስ የባንክ ሕግ የደንበኛን ምስጢር ያወጣውን ይቀጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የስዊስ ብሔራዊ ባንክ ከናዚ ጀርመን 1.2 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ የሚያወጣ ወርቅ ሲገዛ፣ ከማን እንደተዘረፈ ለመስማት ብዙም አልጓጓም። ጄኔቫ ላይ ስለ ድኻው አልቅሶ ዙሪክ ላይ እንባውን የሚያብስ መንገደኛም አይታጣም። ከየት ሰፈር እንደመጣ ባቡሩ አይጠይቀው፣ እኔም አልጠይቀው።

ለእሱ መሸኛ ይችን ቋጥሬያለሁ፦

አቤት ብንላቸው ጄኔቫ ላይ ሰሙ፤
ወርቁ ዙሪክ ገብቶ ለእኛ ቀረን ሰሙ።

የቅኔ መምህር አጠገባችሁ ከሌለ፣ የፊተኛውን "ሰሙ" አጥብቃችሁ፣ የኋለኛውን አላልታችሁ አንብቡት።