መታጠፊያው ጋ ወራጅ አለ፦ በጥያ መንገድ ስለ መቆም የተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ጭምቅ ሐሳብ

ይህ ጥናት ከአለም ገና ተገንጥሎ በጥያ በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወርደው አስፋልት ላይ ሚኒባሶች የት እንደሚቆሙ ይመረምራል። ግኝቱ ባጭሩ፦ ሕግ እንዳይቆምባቸው በከለከላቸው ቦታዎች ላይ ይቆማሉ፤ በሌላው ቦታ የሚያስቆማቸው ሰው የለም። ጥናቱ ምክንያቱን ለማስረዳት ይሞክራል እንጂ ሹፌርን አይከስም፣ ትራፊክንም አያሞግስም።

የጥናቱ ቦታ

ጥያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሶዶ ምድር፣ ከቡኢ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ዓለም የሚያውቃት በትክል ድንጋዮቿ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው 36 ነበሩ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሲሆን ከቅርጾቹ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። ቦታው የመቃብር ስፍራ እንደነበር ቁፋሮ አረጋግጧል። የቅርጾቹ ትርጉም ግን እስካሁን ምሁራንን እንዳከራከረ ነው። ይህ አጥኚ በዚያ ክርክር ውስጥ አይገባም። የእሱ ትኩረት ከድንጋዮቹ ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ሌላው ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነው።

ዘዴና ናሙና

መረጃው የተሰበሰበው በተሳትፏዊ ምልከታ ነው፤ ማለትም አጥኚው ከኋላ ወንበር፣ በጆንያና በሰው መካከል ተጣብቆ ተቀምጦ ነበር። የናሙናውን መጠን በቁጥር መግለጽ አልተቻለም፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውና ወንበር ላይ ያለው ሰው ቁጥር አይገናኙምና። በተጨማሪም ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ባደረገ ቁጥር ረዳቱ «ትርፍ፣ ጎንበስ!» ስለሚል የናሙናው ከፊል ለጊዜው ከእይታ ይሰወራል። አጥኚው ራሱም አንዳንዴ ከተሰወሩት ወገን ስለነበር የዚያን ሰዓት መረጃ የሰበሰበው በጆሮው ነው።

ግኝት አንድ፦ ሁለቱ ካርታዎች

የአገሪቱ የትራፊክ ሕግ ስለ መቆም ዝም አላለም። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ የተከለከሉትን ቦታዎች ለፈተናው ሲል እንደ ዳዊት ደግሟቸዋል፦ ድልድይ፣ መታጠፊያ፣ መስቀለኛ መንገድ፣ የእግረኛ ማቋረጫ። ዝርዝሩ በምክንያት የተሞላ ነው። እይታ ይጋረዳል፣ መንገድ ይጠብባል፣ ሰው ይሞታል።

አሁን የተሳፋሪውን ዝርዝር እንመልከት፦ «ድልድዩ ጋ»፣ «መታጠፊያው ጋ»፣ «መገንጠያው ጋ»፣ «ዜብራው ጋ»። አንባቢ እንደሚያስተውለው ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ናቸው። አንዱ የመቆሚያ፣ ሌላው ያለመቆሚያ መሆኑ ብቻ ይለያቸዋል።

ቀጥሎ ያለው ምልልስ ሳይቀነስ ሳይጨመር ቀርቧል፦

«ወራጅ አለ!»

«የት ጋ ነው እናት?»

«መታጠፊያው ጋ።»

«መታጠፊያ ላይ አይቆምም፤ ትንሽ አለፍ ብዬ ላውርድሽ?»

«አለፍ ካልክማ የሌላ ሰው አገር ነው።»

ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ ቆመ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆጮውን አወረደ፣ በመዳፉ በሩን መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» አለ። ከኋላ የነበረው የጭነት መኪና ጥሩምባውን የነፋው በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

ሴትየዋ ያሉት ግን ሊናቅ አይገባም። ድልድይና መታጠፊያ መንገዱ ላይ መጠሪያ ያላቸው ቦታዎች ናቸው። ሕጉ እንዲቆምበት የሚፈቅደው ቀጥ ያለው፣ ሰፊው፣ ከሩቅ የሚታየው አስፋልት ደግሞ ምንም የሌለበት ነው፤ ምንም ስለሌለበትም ስም የለውም። ስም የሌለው ቦታ ላይ «ወራጅ» ማለት እንዴት ይቻላል? ተሳፋሪ «ምንም የሌለበት ጋ አውርደኝ» አይልም፤ ቢል እንኳ ረዳቱ «የትኛው ምንም የሌለበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ግኝት ሁለት፦ የአዲስ አበባ ንጽጽር

ችግሩ የገጠር ነው የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን በአዲስ አበባ የሳምራዊት ፍቅሩ የታክሲ አገልግሎት «ራይድ» በ8294 መኪና ሲያስጠራ፣ «ፈረስ»ም ሲከተል፣ ሳተላይት የሰውን መቆሚያ በካርታ ላይ በነጥብ ማሳየት ጀመረ። ነጥቡ ከታየ በኋላ የሚሆነውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሹፌሩ ይደውላል፦ «የት ነህ?» «ካፌው ጋ።» «የቱ ካፌ?» በዚህ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የኮሪደር ልማት የመንገዱን ዳር አስውቦ በየቦታው መቆም ቅጣት ሲያስከትል፣ ተሳፋሪው የተፈቀደውን ቦታ፣ ሹፌሩ ደግሞ ተሳፋሪውን ፍለጋ ይዞራሉ። ስለዚህ ሳተላይትም ቢሆን ካፌ ያስፈልገዋል።

ግኝት ሦስት፦ የእንግዳው ዕጣ

የመቆሚያዎቹን ስሞች የማያውቅ ሰው ምን ይሆናል? ትክል ድንጋዮቹን ሊያይ የመጣ እንግዳ «ጥያ» ብሎ ይሳፈርና ከተማዋ እስክትታወጅለት ይጠብቃል። ማንም አያውጅለትም፤ የአገሩ ሰው ማወጅ አያሻውማ። «ጥያ ገና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መኪናው ቡኢ ሊገባ ነው። ረዳቱ አዝኖ በመልስ መኪና ያሳፍረዋል፤ ሂሳቡን ግን አይመልስም።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ቅጣት መጨመር ብቻውን አይበቃም። ቅጣት ሹፌሩ ላይ ያርፋል፤ መኪናውን መታጠፊያው ላይ ያቆመው ግን የተሳፋሪዋ አድራሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰማያዊ የፌርማታ ሰሌዳ ለብቻው አይተከል። ሰሌዳ ጥላ የለውም፣ ሻይም አያፈላም። ከዚያ ይልቅ የሚመለከተው አካል ቀጥ ባለውና ሰፊው ቦታ፣ ከአስፋልቱ ወጣ አድርጎ፣ አንዲት ጀበና ያላት ሴትና አንድ ትልቅ ዛፍ ያስቀምጥ። ዛፉ እስኪያድግ ጃንጥላ ይበቃል። ብዙም ሳይቆይ «ቡናው ጋ ወራጅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሕጉም ያለ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ይከበራል። በዚህ ረገድ የቀድሞዎቹ የጥያ ሰዎች ከእኛ ይሻላሉ፤ ሰው እንዲያውቀው የፈለጉት ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚታይ ነገር አቁመዋል።

ሦስተኛ፣ ጀበናው በተተከለ ማግስት አንድ የመንግሥት አካል ሴትየዋን «በመንገድ ዳር ሕገ ወጥ ንግድ» ብሎ እንዳያነሳት አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ። አጥኚው ከሁሉም ምክረ ሐሳቦች ተግባራዊ ለማድረግ የሚከብደው ይህ እንደሚሆን ይገምታል።

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ስለ መልስ አሰጣጥ ነበር። ረዳቱ «ዝርዝር ስናገኝ» ስላለ ለጊዜው ተቋርጧል።